ቋ ያለው ምንድን ነው?

«ተው ብዬሃለሁ! ኋላ ቁርጥማት ሲይዝህ እናቴ ብለህ እንዳትመጣ።»

እናቴ ይህን ስትለኝ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። አሁን አርባን ተሻግሬያለሁ። ጣቶቼን ግን ዛሬም አንቋቋለሁ። ጠዋት ኮምፒውተር ከመክፈቴ በፊት። ስልክ ላይ ሰው ሲያስጠብቀኝ። ስብሰባ ሲረዝም። አስሩንም በተራ። አውራ ጣት መጨረሻ ነው፤ እሱ አንዳንዴ እምቢ ይላል።

የት እንደጀመርኩት አልረሳውም። ክፍል ውስጥ አጠገቤ የሚቀመጥ ልጅ ነበር። የሁለት እጁን ጣቶች አቆላልፎ ወደ ውጭ ሲገፋቸው ድምፁ የመጨረሻው ረድፍ ድረስ ይሰማል። ቋ ቋ ቋ ቋ። ደረቅ ጭራሮ የሚሰበር ነው የሚመስለው። ለእሱ የነበረን ክብር ለአለቃችን እንኳ አልነበረንም። አንድ ሳምንት ሙሉ ስለማመድ ከርሜ የመሃል ጣቴን አስጮህኩ። ብስክሌት ያለ ደጋፊ የነዳሁ ቀን እንደዚያ አልተደሰትኩም።

ያኔ አንድ ነገር ይገርመን ነበር። አንዴ የጮኸ ጣት ወዲያው ቢደግሙት አይጮህም። ብትስበው፣ ብታጥፈው፣ ዝም። ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ ሲል ግን እንደገና ይሠራል። በ40 ደቂቃ ውስጥ ሁለት ዙር ማለት ነው፤ አንዱ መምህሩ ሲገባ፣ አንዱ ሊወጣ ሲል። «ቻርጅ እያደረገ ነው» ይል ነበር ጓደኛዬ። እኛም ሳቅንበት። ከብዙ ዓመት በኋላ ስለ ነገሩ ማንበብ ስጀምር፣ ልጁ ከእውነቱ ያን ያህል ሩቅ እንዳልነበረ ገባኝ።

የብዙዎቻችን ፍርሃት አጥንት ከአጥንት ጋር ሲጋጭ ነው የሚጮኸው የሚል ነው። እንደዚያ ከሆነ በእርግጥ ያስፈራል። በየቀኑ የሚጋጭ ነገር አንድ ቀን ያልቃልና። ግን አይደለም። የጣት አንጓ ላይ የሚገናኙት ሁለት አጥንቶች ጫፋቸው ራቁቱን አይደለም። ነጭና አንሸራታች በሆነ ልም አጥንት ተሸፍኗል። ዶሮ ስንግጥ የአጥንቱ ጫፍ ላይ የምናገኘው፣ ጥርስ ስር ቅርጭጭ የሚለው ነገር ነው። መጋጠሚያውን ደግሞ ዙሪያውን እንደ ከረጢት የያዘ ሽፋን አለ። በከረጢቱ ውስጥ ጥቂት ፈሳሽ ይገኛል። ነጩን የእንቁላል ክፍል ይመስላል፤ ይዝለገለጋል። ብዛቱን ብትሉ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በሰውነታችን ካሉት ትልልቅ መጋጠሚያዎች አንዱ በሆነው በጉልበት ውስጥ እንኳ፣ ጤነኛ ከሆነ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። ግን ሥራው ብዙ ነው። ያለሰልሳል። ልም አጥንት የራሱ የደም ሥር ስለሌለው የሚመገበውም በዚሁ ፈሳሽ በኩል ነው።

ፈሳሹ ውስጥ ጋዝ ሟሙቶ ይኖራል። ነገሩ ያለው እዚህ ጋ ነው።

አምቦ ውሃ አስቡ። ጠርሙሱ ተዘግቶ ሳለ አረፋ አይታይበትም። ጋዙ ግን አለ። ግፊት አፍኖ ይዞታል። ቆርኪው ሲነሳ ግፊቱ ይወርዳል፣ ጋዙም አረፋ ሆኖ ይወጣል። ጣታችንን ስንስብ ወይም ወደ ኋላ ስናጥፍ የምናደርገው ከዚህ ብዙ አይለይም። አጥንቶቹ ይራራቃሉ። ከረጢቱ ውስጥ ያለው ቦታ ይሰፋል። ፈሳሹ ግን ያው ነው፤ አልጨመረም። ስለዚህ ግፊቱ በአንዴ ይወርዳል፣ አረፋ ይፈጠራል። ቋ!

የተፈጠረው ጋዝ ወደ ፈሳሹ ተመልሶ እስኪሟሟ ደግሞ 20 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። እስከዚያ ጣቱን ብትለምኑትም አይጮህም። የክፍሌ ልጅ «ቻርጅ» ያለው ይህንን ነው።

እዚህ ድረስ ያለውን በሁለት መስመር ጽፎ ማለፍ ይቻል ነበር። እኔን የያዘኝ ግን ከዚህ ጀርባ ያለው ክርክር ነው። አንድ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ያለ ምንም መሣሪያ የሚያደርገውን ነገር ለማስረዳት ሳይንቲስቶች ሰባ ዓመት ሲከራከሩ ኖረዋል። (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

በ1947 ሮስተን እና ዊለር ሄይንስ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ለንደን ውስጥ የሰዎችን ጣት ቀስ በቀስ እየጎተቱ ራጅ አነሱ። ጉተታው እየጨመረ ሲሄድ አጥንቶቹ ትንሽ ትንሽ ይራራቃሉ። ከዚያ በድንገት ዘለል ብለው ይለያያሉ። ድምፁም የሚሰማው ያኔ ነው። መሃላቸው ላይ የጋዝ ክፍተት ታየ። ስለዚህ ድምፁ አረፋው ሲፈጠር የሚወጣ ነው አሉ። ጉዳዩ የተዘጋ መሰለ።

በ1971 የሊድስ ዩኒቨርሲቲ መሐንዲሶችና ሐኪሞች ተመልሰው ከፈቱት። አረፋው መፈጠሩስ ልክ ነው፤ የሚጮኸው ግን ሲፈጠር ሳይሆን ሲፈነዳ ነው አሉ። ሐሳቡ ለብዙ ሰው ስሜት ሰጠ። እኛም ብንሆን አረፋ ሲባል መጀመሪያ የሚታየን መፈንዳቱ ነው። ለአርባ ዓመት ገደማ በየመጽሐፉ የተጻፈው ይኸው ነበር።

ከዚያ 2015 መጣ። ካናዳ ውስጥ፣ አልበርታ ዩኒቨርሲቲ፣ ግሬግ ካውቹክ የሚመራው ቡድን ሰው ኤም አር አይ ማሽን ውስጥ አስተኝቶ ጣቱን መሳብ ጀመረ። የተሳበው ጣት የጀሮም ፍራየር ነው። ፍራየር የጀርባና የአንገት መጋጠሚያ በእጁ የሚያክም ባለሙያ ነው፤ ሥራው ራሱ ቋ ማድረግ ነው ማለት ይቻላል። አስሩንም ጣቶቹን ማስጮህ ይችላል። ጣቱን ከቱቦ ጋር አስረው ቀስ እያሉ ጎተቱት፣ ማሽኑም እንደ ፊልም ቀረጸው። ሁሉም ነገር ከ310 ሚሊ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ አለቀ። ከሰከንድ ሲሶ እንኳ አይሞላም። ድምፁ ሲሰማ ክፍተቱ ተፈጠረ። ከድምፁም በኋላ ክፍተቱ እዚያው አለ። ፈንድቶ ቢሆን ኖሮ መጥፋት ነበረበት። የ1947ቱ ሰዎች ልክ ነበሩ ተባለ።

አለቀ? አላለቀም። በ2018 ቻንድራን ሱጃ እና ባራካት የተባሉ ሁለት ሰዎች የሒሳብ ስሌት ይዘው መጡ። የስሌታቸው መልስ፣ አረፋው ሙሉ በሙሉ መፈንዳት የለበትም የሚል ነው። በከፊል ቢጨማደድ ድምፁን ለማውጣት ይበቃል፤ የቀረው ትንሽ አረፋ ደግሞ እዚያው ይቆያል። ማሽኑ ያየው እሱን ሊሆን ይችላል። ማለትም ሁለቱም ወገኖች ትንሽ ትንሽ ልክ ናቸው። የሽምግልና ፍርድ ይመስላል። ሱጃ ሐሳቡ የመጣለት ፈረንሳይ ተማሪ ሳለ፣ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ጣቱን ሲያስጮህ ነው። እኔም ክፍል ውስጥ ተቀምጬ አስጮህ ነበር። የመጣልኝ ሐሳብ ግን አልነበረም። የመጣብኝ ጠመኔ ነው።

እሺ፣ ድምፁ አረፋ ነው። ይጎዳል ወይ?

ዶናልድ አንገር የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ነበር። ካሊፎርኒያ የሚሠራ፣ አለርጂ የሚያክም። ልጅ ሳለ እናቱ፣ አክስቶቹ፣ ኋላም አማቱ ጣቱን ማስጮህ ቁርጥማት እንደሚያመጣበት ይነግሩት ነበር። (ለካ የእኔ እናት ብቻ አይደለችም።) እሱ አልተከራከራቸውም። የግራ እጁን ጣቶች በቀን ቢያንስ 2 ጊዜ ማንቋቋት፣ የቀኙን አለመንካት ጀመረ። ለ50 ዓመት! በራሱ ስሌት ግራ እጁን ቢያንስ 36,500 ጊዜ አስጩኾታል። በ1998 ለአንድ የሕክምና መጽሔት ደብዳቤ ጻፈ። ሁለቱም እጆቹ ላይ ቁርጥማት የለም፤ በግራና በቀኙ መካከልም የሚታይ ልዩነት የለም። በ2009 የኢግ ኖቤል ሽልማት ሰጡት። ኢግ ኖቤል መጀመሪያ ለሚያስቅ፣ ቀጥሎ ለሚያሳስብ ምርምር የሚሰጥ ሽልማት ነው።

ይህን ታሪክ ለእናቴ እሁድ ምሳ ላይ ነገርኳት። ጠረጴዛው ላይ አምቦ ውሃ ስለነበር ማስተማሪያዬ ሆነ። ከፈትኩት። «አየሽ እማዬ? ይኸው ነው።» ስለ አረፋው፣ ስለ ከረጢቱ፣ ስለ ሐኪሙ ግራ እጅ አስረዳኋት። እስክጨርስ ዝም ብላ ሰማችኝ።

«አምሳ ዓመት?»

«አምሳ ዓመት።»

«ሌላ ሥራ አልነበረውም?»

መልስ አልነበረኝም። የአንድ ሰው ሁለት እጅ ደግሞ፣ ምንም ቢታገሡለት፣ ብዙ ማስረጃ አይሆንም። የተሻሉ ጥናቶች አሉ። በ2011 አሜሪካ ውስጥ የ215 ሰዎችን የእጅ ራጅ ያዩ ሐኪሞች የመጋጠሚያ መበላት ከሚያንቋቁት 18.1 በመቶ፣ ከማያንቋቁት 21.5 በመቶ ላይ አገኙ። ያው ነው ማለት ነው። ከዚያ ቀደም በ1975 አንድ ሐኪም ከልጁ ጋር ሆኖ 28 አረጋውያንን ጠይቆ መርምሮ ነበር፤ እነሱም ላይ ግንኙነት አልታየም። አባትና ልጅ አብረው በሕክምና መጽሔት ላይ ሲወጡ ደስ ይላል።

የሚያስጨንቅ ነገር የጻፈ አንድ ጥናት አለ። እሱን መደበቅ ልክ አይሆንም። በ1990 ዲትሮይት ውስጥ 300 ሰዎች ታዩ። ቁርጥማት ላይ ልዩነት የለም። ነገር ግን ጣት የማንቋቋት ልማድ ያላቸው ሰዎች እጅ የማበጥ፣ የመጨበጥ ኃይላቸውም የመቀነስ አዝማሚያ ታየባቸው። ይህን ሳነብ ሌሊት አልጋዬ ላይ ሆኜ የራሴን እጅ ጨብጬ ፈተንኩ፤ ምን እንደምፈትን ግን አላውቅም ነበር። ኋላ በ2017 የቱርክ ተመራማሪዎች የመጨበጥ ኃይልን በመሣሪያ ለክተው ልዩነት አላገኙም። በዚያው ዓመት ካሊፎርኒያ ውስጥ 40 ሰዎችን በአልትራሳውንድ ያዩ ሐኪሞችም ጣት ከጮኸ በኋላ ሕመምም እብጠትም አላዩም። እንዲያውም ጣቱ ትንሽ ሰፋ ብሎ ይታጠፋል አሉ። ያ «እፎይ» የሚለው ስሜት ባዶ ምናብ አይደለም ማለት ነው። እኔ በበኩሌ የ1990ውን ጥናት አልጣልኩትም። ስላላስፈራኝ ግን ዛሬም አንቋቋለሁ።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ጣት ነው። ችግሩ እዚህ ላይ አለማቆሜ ነበር። አንድ ጥሩ መልስ አገኘሁና ለሁሉም ጥያቄ እሰጠው ጀመር።

ወጌሻን እንውሰድ። አሥራ አራት ዓመቴ ገደማ ኳስ ስጫወት ቁርጭምጭሚቴን ወለም አለኝ። እግሬ እንደ ድንች አበጠ። ማታውኑ ሰፈራችን ወዳሉ ሽማግሌ ወጌሻ ተወሰድኩ። ቅቤ ቀብተው ሲያሹኝ ቆዩ። ወሬ እየጠየቁኝ፣ የትኛው ቡድን ደጋፊ እንደሆንኩ ሳስረዳቸው ድንገት ሳብ አደረጉት። ቋ! ጮኽኩ። በሩ ላይ የቆሙት ጎረቤቶች በአንድ አፍ «ገባ! ገባ!» አሉ። አባቴ ፊቱ በራ። ድምፁ የድኅነት ማረጋገጫ ነበር። ወጌሻው ስበው ቋ ባይል ኖሮ ሌላ ወጌሻ ዘንድ እንወስደው ይባል ነበር።

አሁን ሳስበው የገባ ነገር አልነበረም። ያልወጣ ነገር ምን ይገባል? ወለምታ ማለት አብዛኛውን ጊዜ አጥንትን ከአጥንት የሚያያይዘው ጅማት ተለጥጦ ወይም በከፊል ተቀዶ ነው። ቋ ያለው ያው አረፋ ሊሆን ይችላል። ልሞክር ብዬ ብስበው እኔም አስጮኸው ነበር። ሽማግሌውን አላማቸውም፤ እጃቸው ለስላሳ ነበር፣ የወሰዱትም ገንዘብ ትንሽ ነው፣ እግሬም ዳነ። ወለምታ ብዙ ጊዜ በራሱም ይድናል። የሚያሳዝነኝ ግን በዚያ ድምፅ ላይ የተንጠለጠለው እምነት ነው። ተሰባብሮ የነበረ ቢሆንስ? የአገራችን ሐኪሞች ሲጮሁበት የኖሩት ነገር አለ፤ የተሰበረ እጅ ወይም እግር በቀርከሃ አጥብቆ ሲታሰር ደም መሄጃ ያጣና ይሞታል። በዚህ ምክንያት እጅ እግራቸው የተቆረጠ ልጆች አሉ። ድምፅ ሰምቶ «ገባ» ከማለት ራጅ አንስቶ ማየት ይሻላል።

ሌላው አንገት ነው። የምሄድበት ፀጉር ቤት ልጁ ቆርጦ፣ አጥቦ ሲጨርስ ትከሻ ያሻል። ከዚያ አገጬን በአንድ እጁ፣ ማጅራቴን በሌላው ይይዝና በቀኝ ቋ፣ በግራ ቋ። ለዓመታት ወድጄው ኖሬያለሁ። ለእሱም የአረፋውን ነገር አስተምሬዋለሁ፤ ለደንበኞቹ እየነገረ እንደሆነ ሰማሁ። አሁን ግን አንገቴን አላስነካም። አንገት ጣት አይደለም። ወደ አንጎል ደም ከሚወስዱት የደም ሥሮች ሁለቱ በአንገት አጥንቶች ጎንና ጎን ባሉ ቀዳዳዎች ውስጥ ነው ሽቅብ የሚያልፉት። አንገት በኃይልና በድንገት ሲጠመዘዝ የደም ሥሩ ግድግዳ ሊቀደድ ይችላል። እዚያ የሚረጋ ደም ወደ አንጎል ሄዶ ስትሮክ ያመጣል። የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2014 ባወጣው ጽሑፍ ይህንኑ አንስቷል። በጣም ጥቂት ሰው ላይ የሚደርስ ነገር ነው፤ ላስደነግጣችሁ አልፈልግም። ነገር ግን ለፀጉር ቆረጣ ብዬ የምወስደው ዕድል አይደለም። ቲክቶክ ላይ ማይክራፎን አንገት ስር ደቅነው ድምፁን የሚሸጡትን ሳይ ደግሞ ጣቴ ራሱ ወደሚቀጥለው ቪዲዮ ያልፋል።

ወደ እናቴ ልመለስ።

እናቴ የምትኖረው ኮንዶሚኒየም ነው። አራተኛ ፎቅ። አሳንሰር የሚባል ነገር የለም። አንድ ቀን ጤፍ ተሸክሜ ከኋላዋ ስወጣ ጉልበቷ ሲጮህ ሰማሁት። በየደረጃው።

«እማዬ፣ ጉልበትሽ እየጮኸ ነው።»

«ከቆየ ቆየ።»

«ምንም አይደለም፣ አረፋ ነው» አልኳት። የአምቦ ውሃውን አስታወስኳት። ጤፌን ይዤ ቀድሜያት ወጣሁ።

ይህን የምጽፈው ስላፈርኩበት ነው። ለብዙ ወራት «አረፋ ነው» ስል ከርሜያለሁ። እሷም አመነችኝ። ልጅ ተምሯል፣ አንብቧል፣ ያውቃል። በዚያ ዓመት ስቅለት ላይ አብረን ቤተ ክርስቲያን ሄድን። እናቴ ሰጋጅ ነበረች። ልጅ ሳለሁ ስግደቷን እየቆጠርኩ መቶ ሳልሞላ ይደክመኝ ነበር፤ እሷ አይደክማትም። ያን ቀን ኪርያላይሶኑ ሲባል ሁሉም ሰው ሲወድቅና ሲነሣ እሷ ግድግዳ ተደግፋ ቆማ አንገቷን ብቻ ዝቅ ታደርጋለች። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስባዋለች። በአማርኛ ጉልበት የእግር መታጠፊያም ነው፣ ኃይልም ነው። ሁለቱ አንድ ቃል የሆኑበት ምክንያት ያን ቀን ታየኝ።

ማታ እግሯን ዘርግታ ስትቀመጥ መዳፌን ጉልበቷ ላይ አድርጌ «አጥፊው፣ ዘርጊው» አልኳት። ቋ አይደለም። አንድ ጊዜ ጮኾ ዝም የሚል ነገር አይደለም። ባጠፈችው ቁጥር፣ በዘረጋችው ቁጥር፣ ያለ 20 ደቂቃ እረፍት፣ መዳፌ ስር ይንኮሻኮሻል። ወፍጮ ላይ አሸዋ የገባ ይመስላል። ጠዋት ስትነሣም ለተወሰነ ጊዜ እንደሚደርቅባት የነገረችኝ ያኔ ነው። ለምን አልነገርሽኝም ስላት፣ «አረፋ ነው አላልክም?» አለችኝ።

ሐኪም ዘንድ ሄድን። ራጅ ተነሣች። ልም አጥንቱ ሳስቷል፣ ክፍተቱም ጠቧል። የመጋጠሚያ መበላት ነው፤ ስሙ ከባድ ነው እንጂ ነገሩ በየቤቱ ያለ ነው። ሐኪሙ የአረፋ ትምህርቴን በትዕግሥት ሰማኝና መጋጠሚያ የሚጮኸው በአንድ ምክንያት ብቻ አይደለም አለኝ። አረፋ አለ። ጅማት አጥንት ላይ ተንሸራቶ ሲያልፍ ጠቅ የሚልበት አለ፤ ከወንበር ስንነሣ ዳሌያችን ወይም ቁርጭምጭሚታችን ላይ በተደጋጋሚ የምንሰማው ብዙ ጊዜ ይህ ነው፣ የ20 ደቂቃ ሕግም አያውቅም። የተሻከረ ልም አጥንት የሚንኮሻኮሽበትም አለ። የኳስ ተጫዋች ሲዞር ቋ ብሎበት ቢወድቅና ጉልበቱ በሰዓታት ውስጥ ቢያብጥ ደግሞ ያ የጉልበት ጅማት ተቀዶ ሊሆን ይችላል። ጆሮ ብቻውን እነዚህን አይለያቸውም። ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቃት ስለ ድምፁ አልነበረም። ያምሻል? ያብጣል? አንዳንዴ ይቆለፋል? ደረጃ ስትወርጂ ይከዳሻል? ከአራቱ ለሦስቱ አዎ አለች። እኔ አንዱንም ጠይቄያት አላውቅም ነበር።

በኋላ ሳነብ አሜሪካ ውስጥ ወደ 3,500 የሚጠጉ ሰዎችን ለ4 ዓመት የተከታተለ ጥናት አገኘሁ፤ በ2018 የታተመ ነው። መጀመሪያ ላይ የሚያሳምም የጉልበት መበላት ያልነበረባቸው ሰዎች ናቸው። ጉልበታቸው ቶሎ ቶሎ እንደሚንኮሻኮሽ የተናገሩት ሰዎች በኋላ በሕመሙ የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎቹ ከፍ ብሎ ተገኘ። ይህን አንብባችሁ ከወንበር ስትነሡ ጉልበታችሁ ጠቅ ስላለ አትደንግጡ። ሳያም የሚጮህ ጤነኛ ጉልበት ሞልቷል። እኔን የመታኝ ሌላ ነገር ነው። ለጣት የሠራው መልስ ለጉልበት አልሠራም፤ እኔ ደግሞ በመልሴ ኮርቼ እናቴን ማየት ትቼ ነበር።

አሁን ሕክምናው ብዙ ሰው የሚጠብቀው ዓይነት አይደለም። መርፌ የለም፣ ቀዶ ጥገናም ገና ነው። ፊዚዮቴራፒስቷ የጭን ጡንቻዋ እንዲጠነክር ነው የምትሠራው። ጡንቻው ሲጠነክር ለጉልበቱ ሸክም ይቀንስለታል። «እማማ፣ ቁጭ ብለው እግርዎን ቀጥ ያድርጉና እስከ አሥር ቆጥረው ያውርዱት» አለቻት። በአንድ እግር አሥር ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ። ሜዳ ላይ መራመድም ጥሩ ነው ተባለች። ደረጃውን በተመለከተ ማንም ምንም ማድረግ አልቻለም። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያሉ ጎረቤት በራቸው ላይ በርጩማ ትተውላታል፤ እዚያ ታርፋለች፣ ቡናም ከተፈላ ትጠጣለች፣ አንዳንዴ አራተኛ ፎቅ ለመድረስ ሁለት ሰዓት ይፈጅባታል።

ትናንት ማታ ስፖርቷን ስትሠራ አጠገቧ ነበርኩ። በቁጥር አትቆጥርም። እግሯን ቀጥ አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ አሥር ጊዜ ኪርያላይሶን ትላለች። ለአንድ እግር መቶ ኪርያላይሶን ማለት ነው። ጉልበቷ እግሯን ስታወርድ ትንሽ ይንኮሻኮሻል፤ ሕመሙ ግን ቀንሶልኛል ትላለች። ስድስተኛው ላይ እኔ ሳላስበው የግራ እጄን መሃል ጣት ሳብ አደረግኩት።

ቋ።

«ተው ብዬሃለሁ!» አለች ዓይኗን ሳትገልጥ።

ቁጥሩ ጠፋባት። እግሯን አወረደችና ከመጀመሪያው ጀመረች።